ከጎሚስታው ጀርባ

ከደጀን ተነስተን ሉማሜ ሳንገባ
ፈነዳ ጎማችን እንደ አደይ አበባ።

ጎሚስታው ይርዳው፣ ዘይት በጠጣ ጣት፣
«ይቆያል፣ ግቡ» አለን፣ አሳየን አንዲት ቤት፤
ታፔላ የላት፣ ከጎማው ክምር ኋላ፣
ሦስት ዱካ፣ አንድ ጀሪካን፣ የቆርቆሮ ከለላ።

ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው። መኮሮኒ በስልጆ
ቀረበ በትሪ።
«ወይ የሮማ ጎጆ!»
ብዬ ሳልጨርስ
ሰናፍጩ ወጣ ካፍንጫ እስካናቴ፣
ዕንባዬ ወረደ፣ ተፈታ አንጀቴ።

ይርዳው ሁለቴ ጠራን፤ ጎማው ተጠግኗል።
ማን ሰምቶት? ትሪው በዳቦ ይጠረጋል።

ስሟን ጠየቅኋት ሂሳቡን ቆጥሬ።
«አትጠገብ» አለች።
«አትጥገብ» ያለችኝ፣
ለዚያ ለቀልዴ የገሠጸችኝ መስሎኝ
ቆየሁ አቀርቅሬ።