ሁለት ሣጥን ድንጋይ

ሰቆጣ ነው፤ ማታ፤ መብራቱ ጠፍቶብን፣
ሁለት ሣጥን ድንጋይ በሻማ ከበብን።
ሦስት ባለሀብቶች፣ ሦስት ብርጭቆ ሻይ፤
"በአጭሩ ንገሪን፣ የቱ ነው የሚሻል?"

በአጭሩ!
ሰባት መቶ ሚሊዮን ዓመት የተኛ ድንጋይ
በአንድ ገጽ ወረቀት፣ ሳይቀዘቅዝ ሻይ።

እሺ። ከወርቁ ልጀምር።
ወርቁ ዓይነ አፋር ነው፤
ነጭ ድንጋይ ተከናንቦ በቀጭን ስንጥቅ ይሄዳል።
እዚህ ብትቆፍሩ፣ በቶን ዐሥራ አራት ግራም፤
ሁለት እርምጃ እልፍ ብትሉ፣ ምንም።
ላቦራቶሪው ተሳስቷል ብለን ደግመን ላክን፤
አልተሳሳተም። ጠባዩ ነው እንዲህ የሚያደርገን፤
አንዴ መጥቶ ስቆ፣ ዓመት የሚያስጠብቀን።
"ወርቅ ላበደረ ጠጠር" ያሉት አባቶች
የቁፋሮ ደረሰኝ ያዩ ይመስለኛል።

(የሻማው ሰም ወርቁ ሣጥን ላይ ጠብ አለ።
ማንም አልሳቀ።)

መዳቡ ሌላ ነው፤ አፉ አያርፍም።
ገና ከመንገዱ፣ ገደሉን አረንጓዴ ቀብቶ
"እዚህ ነኝ" ይላል።
ሾፌራችን ይመር አሊ መጀመሪያ ያየ ቀን
"ድንጋይም ይሻግታል እንዴ?" ብሎ ጠየቀን።
አረንጓዴው ቆዳ ነው፤ ዝናብና ፀሐይ ያበጁት።
ከሥሩ ስትወርዱ፣ በጥቁሩ ድንጋይ ውስጥ
እንደ ሰሊጥ የተበተነ ቢጫ ፍሬ አለ።
ሠላሳ ሜትር ላይ፣ በመቶ ግማሽ።
ስልሳ ሜትር ላይ፣ ያው ግማሽ።
አያስደንቅ፣ አይዋሽ፤
እንደ መንግሥት ደሞዝ፣ ትንሽ ግን በቀኑ።
ችግሩ፣ ኮረብታውን ሙሉ ካልበሉት አያጠግብም።
መንገድ ይፈልጋል።
መብራት ይፈልጋል (ሁላችንም ሻማውን አየን)።
ውሃ ይፈልጋል።

ውሃ።
እዚህ ላይ ምላሴ ተያዘ።

ሰባተኛው ጉድጓድ፣ ሰማንያ ሦስት ሜትር፣
ከሥር የሆነ ነገር እፎይ አለና
ቀዝቃዛ ውሃ በቧንቧው ሽቅብ መጣ።
ዘውድነሽ ከነጄሪካኗ ቁልቁለቱን በረረች፤
ኃላፊው ሰዓቱን አየ።
እኔ ደግሞ፣ በዚሁ እጄ፣
በመዝገቡ ዳር፣ "አስተያየት" በምትለው ጠባብ ዓምድ፣
"ውሃ ገባ፤ ቁፋሮ ተቋረጠ" ብዬ ጻፍኩ።
ከዚያ፣ ደንቡ ነው፣ በሲሚንቶ ደፈንነው።

"የምትፈልጉት ይኼን አልነበረም?" አለችኝ ዘውድነሽ።
"አይ፣ ሌላ ነው።"
"ከውሃ ሌላ?"
ጄሪካኗን ገልብጣ ተቀመጠችበት፤
ሲሚንቶው እስኪደርቅ ድረስ አልሄደችም።

"እና?" አሉ ባለሀብቶቹ።
"ወርቁ፣ ከተገኘ፣ ቶሎ ያከብራል፤
መዳቡ ይቆያል፣ ግን ይኖራል" አልኩ።
ሁለቱ ጻፉ። ሦስተኛው፣ እስካሁን ዝም ያለው፣
ከሰባተኛው ጉድጓድ የወጣውን አንስቶ
በሻማው ዙሪያ አገላበጠው።
"ይኼ ለምን ረጠበ?"

"ልሼው ነው" አልኩት።
"ካልረጠበ ቀለሙ አይታይም።"