ሁለት ባለ ዘጠኝ ቮልት

ታርቱ ከተማ፣ ከወንዙ ማዶ፣
የራይቮ ሱቅ አለች፣ ጣሪያዋ ዝቅ ያለ፣
ያገለገለ ሬዲዮ፣ የሞተ ቴፕ፣
ገመዱ እንደ ቋንጣ የተሰቀለ።
ኡርቬ ገባች፣ በረዶ ከጫማዋ እያራገፈች፣
መቶ አርባ ዩሮ ጓንቷ ውስጥ አጥፋ ይዛ፤
«ቅድመ ማጉያ» አለች፣ «በባትሪ የሚሠራ፣
በጀርባ የሚታዘል፣ በዕዳ የማይገዛ።»

ሐይቁ ሊፈታ ነው፤ ጊዜ የላትም።
የፔይፕሲ በረዶ፣ መጋቢት ሲጋመስ፣
ሌሊት ሌሊት ከሥሩ ይናገራል፤
እንደ ተወጠረ ሽቦ ይዘምራል፣
አንዳንዴም ያቃስታል፣ እንደ ሰው፣ ጎኑን ሲመልስ።
አምና ቀድታው ነበር።
ቤቷ ገብታ ስትከፍተው
ሽሽሽ ብቻ። የመቅጃዋ የገዛ ራሱ ሿሿታ።
ሌሊቱን ሙሉ ሲለፈልፍ ያደረው ማሽኑ ነው፤
ሐይቁ መናገር ቢፈልግ ከየት ያምጣ ፋታ?

ራይቮ ሦስት ደረደረ።

አንዱ አዲስ ነው፤ ስምንት መብራት አለው፣
ባትሪው ሆዱ ውስጥ የታሸገ።
«በስልክ ቻርጀር ይሞላል» አለ፣
ድምፁን እንደ ዳኛ እያሳደገ።
«ሜዳ ላይ ሲያልቅስ?»
ራይቮ ጢሙን አከከ።

ሁለተኛው አውራ ጣት የሚያክል፣
ርካሽነቱ ከሩቅ የሚጣራ፤
አርባ ስምንት ቮልት፣ የማይክሮፎኗን ቀለብ፣
እችላለሁ ባይ፤
ሠላሳ ሳይሞላ ትንፋሽ የሚያጥረው ጉራ።

ሦስተኛው ግራጫ ብረት፣ ጥጉ የተላጠ፣
አንድ ማዞሪያው ጠፍቶ
በቢራ ጠርሙስ ክዳን የተተካ፤
ሁለት ባለ ዘጠኝ ቮልት ይጎርሳል።
ቪልያንዲ የሚኖር የስልክ ቤት ጡረተኛ
በእጁ በይዶ የሠራው ነው፤
ስሙን ከሥሩ በመርፌ ጭሯል።

«ፍሪጅህን አጥፋው» አለችው።
«ምን?»
«የምሳህን ፍሪጅ። ማሞቂያውንም።»
አጠፋ።
ማዳመጫዋን ደፍታ፣ ምንም ሳትሰካ፣
እስከ ጥግ ከፍታ፣
የሦስቱን ባዶነት በየተራ ቀመሰች።
ሰው በሬ ሲገዛ ጥርስ ያያል፤
እሷ ዝምታ አየች።
አንዱ እንደ ቀፎ። ሌላው እንደ መጥበሻ ዘይት።
ግራጫው ላይ ቆየች።
ሰው አሁን ገና የወጣበት ጓዳ።

«መቶ ስድሳ» አለ ራይቮ።
«ክዳኑ የቢራ ነው።»
«መቶ ሠላሳ።»
አሥሯ ዩሮ ለባትሪ ተረፈች።

ዓሣ አጥማጁ ዬፊም፣ ጢሙ እስከ ደረቱ፣
ከአሮጌው ሥርዓት አማኞች መንደር፣
ሸርተቴውን እየጎተተ መራት።
«ይሄ ሁሉ ለውኃ ጩኸት?
እኔ ስልሳ ዓመት በነፃ ሰማሁት።»
ከዜሮ በታች አሥራ አራት።
ብርድ ባትሪ ይበላል፤
ይህን ማንም ሻጭ አይነግርህም።
መጠባበቂያዎቹን ብብቷ ሥር ታቅፋለች፣
እንደ ዕንቁላል።
ማይክሮፎኑን በሱፍ ካልሲ ጠቅልላ
በረዶው ላይ አስተኛችው።

መጣ።
ቀጭን፣ ከሩቅ፣ ከሩሲያ ዳር የተነሣ የሚመስል፤
ፓስፖርት ሳይጠየቅ ከእግሯ ሥር አለፈ።
ማዳመጫውን ለዬፊም ሰጠችው።
ግማሽ ደንቆሮ ነው፤ ጆሮውን የጀልባ ሞተር በልቶታል።
ዓይኑን ጨፈነ። እጁን አነሣ።
«ቀንሺው» አለ በሹክሹክታ፣
«ቀንሺው፤ ይሰማናል።»

ዘጠኝ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ።
ከዚያ ቀይዋ ነጥብ ከሰመች።
በደነዘዘ ጣት ብሎን ስትፈታ፣
የብብቷን ሙቀት ለግራጫው ስታጎርስ፣
ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር ተተረተረ።
ዬፊም አማተበ።
መቅጃው አልሰማም።

ዛሬም ለእንግዳ የምታሰማው
ያንኑ ዘጠኝ ደቂቃ ነው።
ወደ መጨረሻው አንድ ሽማግሌ ይተነፍሳል።
«ምን አለ?» ይላል እንግዳው።
«ቀንሺው» ትላለች፣
በቢራው ክዳን
ድምፁን ከፍ እያደረገች።