የገባ፣ የወጣ

ደብተሩ ሰማያዊ ነው፤ ጠርዙን ምስጥ በልቶታል፤
በግራ «የገባ» ይላል፣ በቀኝ «የወጣ» ይላል።
ቡንሎም በሄደ ማግስት ነው የጀመርኩት ይህን ሒሳብ፤
የመጀመሪያው መስመር ዕዳ ነው እንጂ አይደለም ገንዘብ፦
የደላላው ድርሻ፣ የሐኪም ምርመራ፣ የአውሮፕላን ቲኬት፣
ወለዱ በወር ሦስት በመቶ፣ መያዣው የሩዝ መሬት።

ካርታውን አማቴ ካምፉን፣ ከቡድሃው ምስል ሥር አውጥታ፣
ሰጠችው በሁለት እጇ፤ አላለቀሰችም ላንድ አፍታ።
ኋላ ግን አየኋት፣ ማታ፣
በጨርቅ ስትወለውል
አቧራ የሌለበትን ባዶ ቦታ።

ነጭ ክር በአንጓው አሰርን፣ ሕፃን አዋቂ ሳይቀር፣
ነፍሱ ከሥጋው ተነጥላ ባሕር ላይ እንዳትቀር።
ከሮይ ኤት እስከ ባንኮክ በሌሊት አውቶቡስ፣
ከዚያ ታይዋን፣ ብረት ማቅለጫ፣ ከእሳቱ አፍ ድረስ።

የገባ፦ የአንደኛው ወር ደመወዝ። የወጣ፦ ወለድ።
የገባ፦ የሁለተኛው። የወጣ፦ ወለድ።
የገባ፦ የሦስተኛው። የወጣ፦ ወለድ፣ ለዪም ጫማ።
በአሥራ ዘጠነኛው ወር ካርታው ቤቱ ተመለሰ፤
አማቴ ያላለቀሰችው እንባ ያን ማታ ፈሰሰ።

ከዚያ ሲሚንቶ መጣ። ከዚያ የውኃ ፓምፕ። ከዚያ ድርቅ።
ሰማዩ ናስ ሆኖ፣ ሩዙ በቡቃያው ሲደርቅ፣
ሞተሩ ሌት ተቀን እየሳለ የእኛን ማሳ አጠጣ፤
«የእኔስ?» ሊል ጎረቤታችን ሲላ አጥሩ ድረስ መጣ።
አላለም። ቆሞ አየ ብቻ።
ቧንቧውን አሻገርንለት፤ ነዳጁን ከቤቱ አመጣ።
ይህን የት ልጻፈው እንግዲህ? ገባ ነው ወይስ ወጣ?

የሦስት ሰው እርሻ ለሁለት ሴት ከበደን፤
ችግኝ ሲደርስ በቀን ሙያተኛ ቀጠርን፤
እሱ እዚያ እጁን ሸጦ፣ እኛ በዋጋው
እዚህ እጅ ገዛን።

ዪም አባቷን የምታውቀው በስልክ መስታወት ነው፤
ግንባሩን በጣቷ ነካች፤ መስመሩ ተቋረጠ። «አመመው?»
ስትለኝ፣ እስክሪብቶዬን ከደንኩት።

በአራተኛው ዓመት ፋብሪካው እሳቱን አጠፋ።
ሦስት ወር ግራው ገጽ ነጭ።
«ደህና ነኝ» ይለኛል ቡንሎም፤ ድምፁ ግን
በልቶ ያደረ ሰው ድምፅ አይደለም።
አንጓው ላይ የነበረው ክር በስብሶ እንደ ተበጠሰ፣
ኪሱ ውስጥ እንደያዘው፣ ሳልጠይቀው ነገረኝ።

አማቴ ተነሣች። ከአልጋዋ ሥር ካለው ሣጥን
ለቀብሯ ቀን ያስቀመጠችውን ሐር አወጣች፤
ቅጠልያ፣ በእጇ የሠራችው፣
እኔ ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ከሽመናው ላይ ነበር።
«እሳት ሐር አይመርጥም» አለች። «ሽጪው።»
ከኩሬው ዓሣ ሸጥን፣ ከጓሮው ቃሪያ።
ጎሹን ግን አልነካንም፤ እሷን ቡንሎም ከልክሏል።
ሲላ፣ ማንም ሳይጠራው፣ ሁለት ከረጢት ሩዝ
ደጃፋችን አወረደ፤ «የፓምፑ ነው» ብሎ
ፊቱን ሳያዞር ሄደ።

የወጣ፦ ለቡንሎም፣ ስድስት ሺህ ባት።
እጄ ተንቀጠቀጠ። አራት ዓመት ሙሉ
ስሙ በግራ በኩል ነበር የሚኖረው፤
በቀኝ ስጽፈው ፊደሉ እንግዳ ሆነብኝ፣
ወንዝ ሽቅብ ሲፈስ እንዳየ ሰው።
የባንኩ ልጅ እንኳ «ተሳስተሻል እንዴ?» አለችኝ፤
«ከዚያ ወደዚህ አይደለም የሚላከው?»
«አልተሳሳትኩም» አልኳት። «ቤቱ እዚህ ነው።»

አሁን ሌላ ሥራ አለው፤ ዓሣ ያሽጋል፤ ደመወዙ ያነሰ።
መቼ እንደሚመለስ አይነግረኝም፣ እኔም አልጠይቅም፤
ዪም ግን ቁመቷን በአዲሱ ግድግዳ
በከሰል ታሰምራለች፣ ሲመጣ እንዲያይ።

ዛሬ ጠዋት አማቴ ወደ ገበያ ላከችኝ።
ዓይኗ ደክሟል፤ ሽመናዋን ግን ከአቧራ አውጥታዋለች።
ተመልሼ ጻፍኩ፣ በቀኝ፣ በግልጽ ፊደል፦

የወጣ፦ ክር፣ ሁለት ጥቅል።