ዘንዶው ይቆየኝ

ከአራዳ ቁልቁለት፣ ከሰዓት ሠሪው ጎን፣
መስኮት የሌላት ቤት፣ ሌሊት የሆነች ቀን፤
በሩ ላይ ብርድ ልብስ፣ ውስጧ አራት ወንበር፣
በሰዓት ሠላሳ ብር።

ባለቤቱ አዛናው፣ ዕድሜው ሃያ አይሞላ፣
«ጋሼ፣ ያው ነው ዛሬም? ወይስ ላምጣ ሌላ?»
ያው ነው።
ልጆቹ ኳስ ጌም ላይ ሲጮኹ፣ ሲማማሉ፣
እኔ በአርባ ሰባቴ ባለሰይፍ ነኝ አሉ።

ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ዘንዶ ተነሥቷል፣
አገር ያቃጥላል፣ ንጉሥ ተጨንቋል፤
«ፍጠን!» ይላል ንጉሥ፣ «አንተ ነህ ተስፋችን፣
ሳይነጋ ድረስልን፣ ሳይነድ ቤታችን።»
«እሺ፣ ጌታዬ» አልኩ።
ከደጁ ስወጣም ወደ ግራ ታጠፍኩ።

ወንዝ ነበር በግራ። ማንም አላዘዘኝ፤
ከየት ይሆን ምንጩ የሚል ሐሳብ ያዘኝ።
ይኸው ሰባት ወሬ፤ ንጉሡ ይጠብቃል፣
ዘንዶውም ይበራል፤ ትዕግሥቱ ይደንቃል።

ምንጩን አገኘሁት። ከፏፏቴው ጀርባ ዋሻ፣
ዋሻው ውስጥ የሰው አልጋ፣ ግማሽ ሻማ፣ ማረሻ፤
ሁለት ዋንጫም ነበር፣ አንዱን የዋጠው አቧራ፣
ሌላው ተጠርጎ፣ ጠርዙ የሚያበራ።
ሰው የለም። ወርቅ የለም። ሳጥን የለም፣ ሽልማት።
ሁለት ዋንጫ ብቻ። አንዱን ማን ጠጣበት?
ማን ቀረ? ማን ሄደ?
ማንም ሳይነግረኝ ልቤ ታሪክ ገመደ።

«ምን አገኙ ጋሼ?» «ሁለት የሸክላ ዋንጫ።»
«ይሸጣል?» «አይሸጥም።»
ሳቀ አዛናው፤ ሊወድቅ ደረሰ ከመቀመጫ።

አይሱዙ ነበር እንጀራዬ። ከአዘዞ መተማ፣
ሰሊጥ ጭኜ ስሮጥ፣ በአቧራ፣ በጨለማ፣
በስተቀኝ ተራራ ነበር፣ እንደ ጣት የቆመ፤
ስንቴ አየሁት በመስታወት እየራቀ፣ እየደከመ።
አንድ ቀን አልቆምኩም።
ስሙን እንኳ አልጠየቅኩም።
ጭነት ነበር፣ ሰዓት ነበር፣ ደላላ ነበር የሚደውል፤
መንገድ ማለት ለኔ አስፋልቱ፤ ግራው ሥዕል፣ ቀኙ ሥዕል።

አሁን መኪናው ቆሟል፤ ጎማው ሥር ሣር በቅሏል፤
መንገዱ ሰኞ ይከፈታል ይላሉ፤ ሰኞም መጥቶ ያልፋል።

እዚህች ስክሪን ላይ ግን የሚታይ ተራራ
ሁሉ ይወጣል። ኬላ የለም፣ ወረቀት የሚያጣራ።
ገመድ የለ፣ «ቁም!» የለ፣ መታወቂያ የለ፤
የፈለገ ወጣ፣ የደከመው ዋለ።
ጫፉ ላይ ምን ነበር? በረዶ። ንፋስ።
ወንዜን አየሁት ቁልቁል፣ የመጣሁበትን ክር፣
የንጉሡን ግንብ፣ ጤፍ ሲያህል፤ ዘንዶውን፣ እንደ ዝንብ ሲበር።

እዚያው ቆሜ ሳለሁ መብራት ሄደ።
ሆ! አለ ቤቱ፤ ፔናሊቲ ሊመታ የነበረ ልጅ አበደ።
«ሴቭ አድርገው ነበር?» የአዛናው ድምፅ ብቻ እየተሰማ፤
«እንጃ» ብዬ፣ ብርድ ልብሱን ገልጬ፣ ወጣሁ ከጨለማ።

ገና ዐሥር ሰዓት። የግንቡ ጥላ አስፋልቱ ላይ ተኝቷል፤
ባለባጃጁን ወረፋው ላይ እንቅልፍ ወስዶታል።
ወደ ቤቴ በቀኝ ነው።
እኔ ግን በግራ፦ ቀሃን፣ ሽቅብ፣ ልከተለው።
ይህን ሁሉ ዓመት ስሻገር ድልድዩን፣
አንድ ቀን አላሰብኩ መነሻ ምንጩን።

ብዙ አልሄድኩም። ቁልቋሉ ጥግ ሴትዮ ቆማለች፣
ሁለት ጄሪካን አጠገቧ፤ አንዱን ለማንሣት ትታገላለች።
«ወንድሜ፣ በእናትህ፣ እስከዚያች ቀይ በር።»
ያዝኩላት። ዳገቱ ጉልበት የሚሰብር።
በሩ ሲከፈት ከውስጥ፣ ግድግዳው ላይ፣ በምስማር፣
ሁለት የወንድ ባርኔጣ፤ አንዱን አቧራ የወረሰው፣ አንዱ ተጠርጎ የሚኖር።

ማን ቀረ? ማን ሄደ?
እዚህስ ሰው አለ፤ ጠየቅኳት። ሳትጨርስልኝ ጨለማው ወረደ።
ይታይሽ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም፤
የእሷ ነው። የሽልማት ድምፅ አልተሰማም፣
ከራሴ በላይ ቁጥር አልበራም፤
ትከሻዬን ብቻ አመመኝ፤ እሱም ደግ ነው፣ አይከፋም።

ማታ መብራት መጣ። አዛናው ደወለ፦ «ጋሼ፣ ሴቭ ሆኗል፤
ሰውዬዎ ተራራው ጫፍ ላይ፣ በረዶ ወርዶበት ቆሟል።»
«ይቁም» አልኩት። «ነገ ማልጄ ልሄድ ነው ወደ ላይ፤
የቀሃን ምንጭ እስካይ
ዘንዶው ይቆየኝ።»