የሚያዝ፣ የሚመለስ

ቢሮዬ ደሴ ነው፣ ከጦሳ ተራራ ሥር፣
ጉሙ ሳይገለጥ ነው ሰልፉ የሚጀመር።
መስኮት ቁጥር አራት፤ መስተዋቱ ስንጥቅ፣
በስንጥቁ በኩል ነው ሰው የሚጠይቅ።
ደንቡ ተቀይሮ አለፈው አንድ ወር፣
ቃሉን እንደ ዳዊት ደገምኩት ስንት ዙር፦

"ካርዱ ኪስ ውስጥ ይኑር፣ ሊብሬው መኪና ውስጥ፣
ኢንሹራንሱ በጊዜው፣ ቦሎው ከመስተዋት ሳይላላ ሳይላጥ፤
አሮጌው ደብተር ግን ከእንግዲህ አይሠራም፣
ለመስኮት ይመለስ፤ ሁለት መያዝ የለም።"

ንግግሬ ሲያልቅ መብሻው ይላል ቀጭ፣
ፎቶው ግንባር ላይ ነው፣ ነገሩ እንዲቋጭ።
ዓርብ ዓርብ ይራገፋል የመብሻዬ ሆድ፣
ስንት ዓይን፣ ስንት ጢም፣ ወደ ቅርጫት ሲወርድ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ መጣ ጋሽ ይመር፣
ከኮምቦልቻ ወጥቶ፣ በሐረጎ ዙር፣
ሠላሳ አራት ዓመት ሲሚንቶ ሲጭን፣ ብረት ሲጭን የኖረ፣
ጣቱ መሪ ይዞ፣ እንደያዘ የቀረ።
የቆላውን ሙቀት በሸሚዝ ለብሶ መጥቶ፣
ሰልፉ ላይ ቆመ፣ አንገቱ ትከሻው ውስጥ ገብቶ።

ደብተሩን አወጣ፤ ፌስታል በጨርቅ ላይ፣ ጨርቅ በፌስታል ላይ፤
"እስኪ ልጄ፣" አለኝ፣ "ምኑን ነው የምይዝ? ምኑን ነው የምለይ?"
ዝርዝሩን ነገርኩት፤ ካርዱንም ሰጠሁት፤
እንደ ተጠረጠረ ብር ወደ ብርሃን ዘርግቶ ሲያየው አየሁት።

"'ደረቅ ሦስት' ይላል፤ እኔ አምስተኛ ነኝ፤
ሁለቱን ደረጃ ማነው የወሰደብኝ?"
"ስሙ ነው የተቀየረ፣ ጋሽ ይመር፤ አቅሙ ያው ነው" ብለው
"ኧረ ወዲያ!" አለና ሳቅ አመለጠው፤
"ሐረጎን ስወርድ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩ፣
ከደረጃ ግን፣ ልጄ፣ ገና ዛሬ ወረድኩ!"

ሰልፉ ሳቀ። አንዱ የባጃጅ ልጅ እስኪያስለው ሳቀ።
እኔም ሳቅሁ። ደብተሩን ስገልጥ ነው ሳቄ የደረቀ።

የእድሳቱ ማኅተም ገጽ በገጽ ተደርቦ፣
አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ናፍጣ ጠግቦ።
ፎቶው ጥቁርና ነጭ፤ ጎፈሬ፣ ሰፊ ኮሌታ፤
ከግራው ጠርዝ ላይ ግን የሌላ ሰው ትከሻ፣ በመቀስ የተመታ።

"ይኼ ማነው?" አልኩት።
"አራጋው ነው። ረዳቴ።
ለሁለት አንድ ፎቶ፤ ብር አልነበረን፣ እቴ።
ለመንጃ ፈቃድ ሲባል ቆረጥኩት ግማሹን፣
መቀሱ አልደረሰባትም ይቺን ትከሻውን።"

የት እንዳለ አልጠየቅሁም። ራሱ ነገረኝ፣ ድምፁን አሳንሶ፦
"ታኮ ሊያደርግ ወረደ፤ ፍሬን አልነበረኝም ጨርሶ።
ሦስተኛው ኩርባ ላይ። ዝናብ ነበር።"

ደንቡ ግልጽ ነው፦ ፎቶው ላይ ነው የሚበሳ።
መብሻዬን አነሣሁ፤ እጄ መንገድ ረሳ፤
ዝቅ አለ፣ "ደረጃ" ከሚለው ቃል ፊት ለፊት፣
ቀጭ! አምስቱን በሳ፤ አልተነካም አንድም ፊት፣
ትከሻም አልተነካ።

"ተበስቷል፣ አይሠራም" አልኩት፣ "ግን ይዘኸው ሂድ።"
ከመመሪያው የለም፤ አለቃዬ ቢሰማ ይለኛል፦ "በማን ፈቃድ?"
ፌስታል በጨርቅ ላይ፣ ጨርቅ በፌስታል ላይ ጠቀለለ፤
ካርዱን ግን እንዲሁ ከደረት ኪሱ ከተተና "አላህ ይስጥሽ" አለ።

"ቀጣይ!" አልኩ። ሊብሬውን ቤቱ ጥሎ የመጣ፤
ከሱ ጋር ስንጨቃጨቅ የምሳ ሰዓት መጣ።

ማታ ቤት ገብቼ ሹራቤን ሳወልቅ
ከእጅጌዬ እጥፋት ወረቀት፣ ክብ፣ ደቃቅ፤
የምስር ፍሬ ታህላለች። ለአምፖሉ አስጠግቼ ሳያት
አምስት ናት፣ ጅራቷ ተቆርጦባት።

ከሚያዘው የለችም፣ ከሚመለሰውም፤
ጠዋት ዝርዝሩን ስደግም ስሟን አልጠራሁም።
ከመታወቂያዬ ጀርባ ነው የምይዛት።
ጠያቂ እስካሁን የለም።