ጥገኛ

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ኩሪያን ይነቃል፤
ደወል አልሞላም፣ ገላው ራሱ ያውቃል።
ሃያ ሁለት ዓመት፣ ኮታያም ገጠር፣
በዚህች ሰዓት ነበር
ባትሪ ከግንባሩ፣ ቢላ ከመዳፉ፣
ከአንዱ የጎማ ዛፍ ወደ አንዱ ማለፉ፤
ቅርፊቱን በስሱ፣ በስሱ ሲልጠው፣
ወተቱ ጠብ ጠብ ብሎ የኮኮናት ቅሉን ሲሞላው።
ጠልቆ የቆረጠ ዛፉን ያቆስላል፤
ፈርቶ የጫረ ሰው ባዶ ቅል ያያል።
በሁለቱ መሐል ያለችውን ቀጭን መንገድ
እጅ እንጂ ዓይን አያውቃትም።

ሌተርኬኒ ላይ ግን የሚላጥ ዛፍ የለም፤
ዝናቡም ወደ ጎን ይዘንባል፣ አይደክምም።
ጂሻ ትነሳለች፣ ፀጉሯን ትጠቀልላለች፣
የሌሊት ተረኛዋን ልትቀይር ትወጣለች፤
አሥራ ሁለት ሰዓት ሽማግሌ አንስታ፣
አጥባ፣ አጉርሳ፣ ጥርስ ከብርጭቆ አውጥታ፣
ስትመለስ እግሯ ከጫማው አይወጣም።
ደመወዟ ሲመጣ
ግማሹ ለኤጀንሲው፣ ለዕዳው ነው የሚወጣ፤
ከቀረው ላይ ኪራይ፤
ከኪራይ ከተረፈ፣ አክስቱ ዘንድ ላለው ለአንሞል መማሪያ።

እሱስ?
እሱ ካርድ አለው፣ ሦስት ቁጥር ያለበት፤
ከሚስቱ ጋር መኖር የተፈቀደለት፣
ሥራ የተከለከለበት።
የቢሮዋ ልጅ በመስታወቱ ቀዳዳ ፈገግ ብላ
«አንተ እኮ ጥገኛ ነህ» አለችው፣ ቃሉን እንደ ከረሜላ አቅልላ።
ማታ ማታ ሩዝ ሲያወጣ ከድስቱ
ቃሏ ትመጣበታለች፤
ከድርሻው ይቀንሳል፣ ይጨምራል ለሚስቱ።

(እኔ በምጽፍበት ቋንቋ ይህ ቃል ሁለት ፊት አለው፤
አንዱ በሰው ሆድ የሚኖር ትል ነው፤
ሌላው ከመጠጋት የወጣ ነው፦
ብርድ ሲሆን፣ «ጠጋ በል» ሲሉት፣ ጠጋ ያለ ሰው።
ኩሪያን አማርኛ አያውቅም።
ማን ይንገረው?)

በጥር አንድ ማለዳ መኪናዋን ውርጭ ገንዟት አደረ።
ጂሻ በጥፍሯ ስትታገል ሰዓቱ ሄደ፤
«ተይው» ብሎ ወረደ።
ኪሱን ዳበሰ፤ ቁልፍ የለ፣ ሳንቲም የለ።
ካርዱን አወጣ።
በጠርዙ ጀመረ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ዘመም አድርጎ፣
ያችን ቀጭን መንገድ በጣቶቹ ፈልጎ፤
መስታወቱን ሳይጭር፣ በረዶውን ሳይተው።
ነጩ እየተጠቀለለ እግሩ ላይ ወደቀ።
የቀጠረው የለም። ግን አላበው።

ከጎረቤት መስኮት ማላኪ ያየዋል፤
ሰማንያ አልፎታል፣ ሦስት ልጅ ወልዷል፤
አንዱ ፐርዝ፣ አንዱ ቶሮንቶ፣ አንዱ ስልክ ዘግቷል።
በዘንጉ ተደግፎ ወጣ፣ አሥር ዩሮ ዘረጋ፦
«የእኔንም ላጥልኝ» አለው፣ «በዋጋ።»
ኩሪያን ራሱን ነቀነቀ፣ እርጥቡን ካርድ ሰጠው።
ሽማግሌው በክንዱ ልክ አርቆ አነበበው።
ቆየ።
«ወንድሜ ስኮትላንድ ተራራ ሲበሳ
ሥራ የገባው በሟች ሰው ስም ነበር፤
ዋሻው ሲናድበት የቀበሩትም በዚያው ስም።»
ሌላ አልተናገረም።
በማግስቱ አጥሩ ግንብ ላይ ስድስት እንቁላል፣
ከሥሩ ብጣሽ ወረቀት፦
«ደመወዝ አይደለም። ዶሮዎቼም ፈቃድ የላቸውም።»

የካቲት ሲገባ መኪናው አራት ደረሰ።
ጂሻ እንቁላል እየጠበሰች በመስኮት አየችው፣
መጀመሪያ ሳቀች፤
ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ እሳቱን አጥፍታ አለቀሰች።

ካርዱ የሚታደስ ዕለት ያችው ልጅ ተቀበለችው።
ጠርዙ ተበልቷል፤ ሦስት ቁጥሩ ደብዝዞ
ሦስት ይሁን ስምንት አይለይም።
«ምን አገኘው?» አለች፣ ወደ ብርሃን አንስታ።
ኩሪያን እጁን አየ፣
ካርዱን አየ፣
ደጅ ያለውን ፀሐይ አየ።
«ውርጭ» አለ።