ጉድለት

ሠላሳ አንድ ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሂሳብ ክፍል ስቀመጥ፣
ሥራዬ ነበረ ጉድለት ማደን፣ ማጋለጥ፤
አምስት ሳንቲም ብትጠፋ እንቅልፍ የማይወስደኝ፣
ገንዘብ ያዥ ሁሉ በሩቁ አይቶ የሚሸሸኝ።

ጡረታ ወጣሁና አመሌ ዞረብኝ፤
ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ከእንድሪስ ደጃፍ፣
እቀመጣለሁ፣ ሊቀልጥ የመጣ ወርቅ ከወናፉ ላተርፍ።
እንድሪስ ይስቃል፦ «ጋሼ፣ ምን ነካዎት?
የሚያበራው ሞልቶ ያለቀው ማረከዎት?»

ምን ብዬ ላስረዳው።
አዲሱ ሰው አያውቅም፤ ዳቦ አልተገዛበት፣ በሬ አልተሸመተ፣
በማንም መቀነት ላብ ጠጥቶ አልሸተተ።

ይኼኛው ግን ኖሯል።
የእንግሊዝ ፓውንድ ነው፤ የንጉሡ አፍንጫ ሟሙቷል፣
ዘመኑም ከሁለት አኃዝ በቀር ከወርቁ ላይ ጠፍቷል።
በጀርባው ጊዮርጊስ፤ ፈረሱ አንገት የለው፣
ዘንዶውም የለ፣ ጦሩ ብቻ ነው ያለው፤
የገደለው ደግሞ ጦሩ አይመስለኝም፣
የሰው አውራ ጣት ነው፤ ጣት ዘንዶ አይፈራም።

ያመጣችው እትዬ አንጓች፣ ከዘጌ፣ በጧት ጀልባ፤
አማቷ ጌሾ ነግዳ ያገኘችው ነው፤
ለቆርቆሮ ሸጠችው፣ ክረምት ሳይገባ።

በእንድሪስ ሚዛን ሰባት ነጥብ ስምንት ግራም።
ከሙሉው አንድ ቁንጥር ጤፍ ያህል ይጎድላል።
የት ገባ? ልማዴ ነውና ጠየቅሁ።
ስንት መቀነት በላው፣ ስንት ታንኳ ላይ ተራገፈ፣
ስንት ዕዳ ሲከፍል በስንት መዳፍ አለፈ?

በሦስተኛው ቅዳሜ ተመልሳ መጣች፤
«መልስልኝ አልልም፤ አንዴ ልዳብሰው» አለች።

የሰብሳቢ ሕግ አለ፦ ጠርዙን ብቻ ያዝ፣ ፊቱን አትንካ።
ልነግራት አፌን ከፈትኩና ዝም አልኩ።
አውራ ጣቷ ሄደ በጊዮርጊስ ላይ፤ መንገዱን ያውቃል ለካ፣
ከጦሩ እስከ ፈረሱ፣ ከፈረሱ እስከ ጦሩ፣
እሷ ግን አላየችውም፤ የጀልባውን ሰዓት ታሰላለች፤
«ቤቱ አሁን አያፈስም» አለችኝ፣ እንደ ዋዛ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ አትቀርም።

ማታ መዝገቤን አወጣሁ፤ ቀይ እስክሪብቶ፣ እንደ ጥንቱ፦
«ጉድለት፦ ሚዛን አያነሳውም።
ምክንያቱ፦
የእትዬ አንጓች አውራ ጣት።»
አጽድቄ ፈረምኩበት።